ስለ «አራቱ አራቶች»፦ በአንድ የቁጥር ጨዋታና በአቀራረቡ ላይ የቀረበ ሒስ

በቁጥር የሚደረጉ ጨዋታዎች በሒሳብ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የሚሰጣቸው ሥፍራ አብዛኛውን ጊዜ የምዕራፉ መጨረሻ ነው። መልመጃው ካለቀ በኋላ፣ ከገጹ ግርጌ የተረፈውን ቦታ ለመሙላት ያህል፣ «ራስህን ፈትን» በሚል ወይም ይህን በመሰለ ርእስ ሥር ይገባሉ። መምህሩም ጊዜ ሲተርፈው ያነሣቸዋል፤ ጊዜ ሲያጥረው ይዘላቸዋል። ከእነዚህ ጨዋታዎች መካከል በብዙ አገሮች የታወቀው «አራቱ አራቶች» የሚባለው ነው። ሕጉ አጭር ነው። አራት የሚለውን አኃዝ አራት ጊዜ፣ ከዚያም ሳያንስና ሳይበልጥ፣ በመጻፍና በመካከሉ የሒሳብ ምልክቶችን በማስገባት የተፈለገውን ቁጥር ማግኘት ነው። ለምሳሌ (4+4+4)÷4 ሦስትን ይሰጣል፤ 4+4+4÷4 ደግሞ ዘጠኝን ይሰጣል።

ስለዚህ ጨዋታ ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች ሲሰነዘሩ ይሰማል። አንደኛው ወገን ጨዋታው የትምህርት ጊዜን የሚያባክን፣ ፈጣን ለሆኑ ጥቂት ተማሪዎች ብቻ የሚጥም ቅንጦት ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሒሳብን የጠላ ተማሪ ሁሉ በዚህ ጨዋታ ይፈወሳል ብሎ ያምናል። ሁለቱም ወገኖች ፍርዳቸውን የሚሰጡት ጨዋታው ምን እንደሚያስተምርና በምን ዐይነት አቀራረብ እንደሚያስተምር ጠለቅ ብለው ሳይመረምሩ ነው። ጉዳዩ ግን ቀላል አይደለም። ጨዋታውን ያለ ምርመራ የተቀበለ ዕጩ መምህር በተመደበበት ትምህርት ቤት እንዳለ ያቀርበዋል፤ መልሱ ቶሎ ያልታየው ልጅ «ሒሳብ ለእኔ አልተፈጠረም» የሚል ድምዳሜ ይዞ ከክፍሉ ቢወጣ ያን ድምዳሜ መልሶ ማንሣት ብዙ ዓመት ይጠይቃል።

በመሆኑም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጨዋታው በሥነ ጽሑፍ መልክ ከቀረቡባቸው ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ የታወቀውን፣ ይኸውም የብራዚላዊውን የማልባ ታሃንን ምዕራፍ፣ ከእርሱ በፊትና በኋላ ከቀረቡት አቀራረቦች ጋር እያነጻጸሩ መመርመርና ለመማሪያ ክፍል የሚበጀው የትኛው እንደሆነ ማመልከት ነው።

1. የጨዋታው አመጣጥ

አንድን አኃዝ ደጋግሞ በመጻፍ የተወሰነ ቁጥር የማግኘት ጥያቄ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው መምህር ቶማስ ዲልዎርዝ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ባሳተመውና ለብዙ ዘመን በትምህርት ቤቶች ባገለገለው የሒሳብ መጽሐፉ ውስጥ አራት ሦስቶችን አስቀምጦ 34ን ማግኘት የሚጠይቅ እንቆቅልሽ ይገኛል። መልሱ 33+3÷3 ነው። ጥያቄው አንድ፣ የሚፈለገውም ቁጥር አንድ ነው።

ይህ አቀራረብ ከአገራችን የእንቆቅልሽ ወግ ጋር የሚመሳሰልበት ነገር አለው። በእንቆቅልሽ ጨዋታ መልሱ አስቀድሞ በጠያቂው እጅ ነው። «እንቆቅልህ» ባዩ ያውቃል፤ «ምን አውቅልህ» ባዩ ይፈልጋል፤ ያላወቀ ደግሞ አገር ሰጥቶ መልሱን ይቀበላል። የዲልዎርዝም ጥያቄ እንዲሁ ነው፤ ከተመለሰ በኋላ ያልቃል።

«አራቱ አራቶች» በሕትመት መጀመሪያ የታዩት እ.ኤ.አ. በ1881 «ኖውሌጅ» በተባለው የእንግሊዝ የሳይንስ መጽሔት ላይ ነው። በዚህ ጊዜ የጥያቄው ጠባይ ተለወጠ። የሚፈለገው አንድ ቁጥር መሆኑ ቀርቶ የቁጥሮች ተርታ ሆነ፤ አንድን ያገኘ ሁለትን፣ ሁለትን ያገኘ ሦስትን ይፈልጋል። ተርታው እየገፋ ሲሄድም ጠያቂውና ተጠያቂው እኩል ፈላጊዎች ይሆናሉ፤ መልሱን አስቀድሞ በእጁ የያዘ ሰው የለምና። ከዚያ በኋላ የኬምብሪጁ የሒሳብ ሊቅ ሩዝ ቦል፣ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1892 በታተመው የሒሳብ መዝናኛዎች መጽሐፉ ስድስተኛ እትም (እ.ኤ.አ. 1914) ላይ ጨዋታውን ከጥንት የመጣ መዝናኛ ብሎ አስገባው። የሩዝ ቦል ዋና አስተዋፅኦ ተርታው እስከ የት ይዘልቃል የሚለው ጥያቄ ከተፈቀዱት ምልክቶች ተለይቶ ሊጠየቅ እንደማይችል ማሳየቱ ነው። ሕጉ አስቀድሞ ካልተወሰነ «ይቻላል» ወይም «አይቻልም» ማለት ትርጉም የለውም። ይህ ነጥብ ከዚህ በታች ለሚቀርበው ሒስ ሁሉ መሠረት ነው።

2. የማልባ ታሃን ምዕራፍ

ማልባ ታሃን የብዕር ስም ነው። ባለቤቱ ዡሊዮ ሴዛር ዴ ሜሎ ኢ ሶዛ (እ.ኤ.አ. 1895-1974) የሪዮ ዴ ዣኔይሮ የሒሳብ መምህር ሲሆን በቃል በማስጠናት ላይ የተመሠረተውን የዘመኑን የሒሳብ አስተማር አጥብቆ የተቃወመ ሰው ነበር። ብራዚል የልደቱን ቀን ሜይ 6ን የሒሳብ ቀን አድርጋ ታከብራለች። እ.ኤ.አ. በ1938 የታተመው «የሚያሰላው ሰው» የተሰኘው መጽሐፉ ቤረሚዝ ሳሚር ስለተባለ አንድ የፋርስ ተወላጅ አስሊና ወደ ባግዳድ ስላደረገው ጉዞ የሚተርክ ነው። በየምዕራፉ አንድ የሒሳብ ችግር ይነሣል፤ ቤረሚዝም በትዕግሥትና በትሕትና ይፈታዋል።

በሰባተኛው ምዕራፍ ቤረሚዝና ባልንጀራው በገበያ ውስጥ ሲዘዋወሩ «አራቱ አራቶች» የሚል ስም ያለው የጥምጥም መሸጫ ሱቅ ያጋጥማቸዋል። አስሊው በስሙ ይደነቅና በአራት አራቶች የፈለጉትን ቁጥር ሁሉ ማግኘት እንደሚቻል ይናገራል፤ ከዜሮ ጀምሮ እስከ ዐሥር ድረስም አንድ በአንድ ያሳያል። ዜሮን 44-44፣ አንድን 44÷44፣ ሁለትን 4÷4+4÷4፣ ሦስትን (4+4+4)÷4፣ አራትን 4+(4-4)÷4፣ አምስትን (4×4+4)÷4፣ ስድስትን (4+4)÷4+4፣ ሰባትን 44÷4-4፣ ስምንትን 4+4+4-4፣ ዘጠኝን 4+4+4÷4፣ ዐሥርን (44-4)÷4 አድርጎ ያቀርባል።

የምዕራፉ ውበት የሚካድ አይደለም። አንድ የሱቅ ስም፣ የገበያ ወሬና የሒሳብ ሐሳብ ያለ ድካም ይያያዛሉ። ተማሪ ሒሳብን ከጥቁር ሰሌዳ ውጪ ቢያገኘው ምን እንደሚመስል ደራሲው በጥሩ ሁኔታ አሳይቷል። መጽሐፉ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ ለብዙ ዓመታት መነበቡም ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ምዕራፉ ለማስተማሪያነት ሲመዘን ሦስት ጉድለቶች ይታዩበታል።

የመጀመሪያው ጉድለት ለአንባቢው የሚተርፍ ሥራ አለመኖሩ ነው። ዐሥራ አንዱም መልሶች ተዘርዝረው አልቀዋል። ተርታው የሚጠይቀው ፍለጋ ነበር፤ ደራሲው ግን ፍለጋውን ወደ ትርዒት ለወጠው። ቤረሚዝ ሲሳሳት፣ ሞክሮ ሲተው፣ ወደ ኋላ ሲመለስ አይታይም። አንባቢው የሚማረው አስሊው ሊቅ መሆኑን ነው። ይህም ደራሲው ራሱ በአስተማሪነቱ ይነቅፈው ከነበረው፣ መምህሩ ይሠራል ተማሪው ያያል ከሚለው አሠራር ብዙ የራቀ አይደለም።

ሁለተኛው ጉድለት በንግግሩና በማስረጃው መካከል ያለው ክፍተት ነው። «የፈለጉትን ቁጥር ሁሉ» ተብሎ ተነግሮ ዝርዝሩ ዐሥር ላይ ይቆማል። ስለምን እዚያ ቆመ? ትረካው ይህን አይናገርም። ምክንያቱ ግን አለ። አስሊው የተጠቀመባቸው ምልክቶች መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈልና ቅንፍ፣ ከዚህም በተጨማሪ ሁለት አራቶችን አጠጋግቶ 44 ማድረግ ናቸው። በእነዚህ ብቻ 11ን ማግኘት አይቻልም። 44÷4 በርግጥ 11 ነው፤ ነገር ግን ሦስት አራቶችን ብቻ ይፈጃል፤ አራተኛው አራት ቢደመር 15፣ ቢቀነስ 7፣ ቢባዛ 44 ይሆናል፤ የሚያርፍበት ቦታ የለውም። ሌሎቹንም መንገዶች ሁሉ አንድ በአንድ የፈተነ ሰው በሩ ዝግ መሆኑን ያረጋግጣል። ስለዚህ ዝርዝሩ የቆመው የአስሊው ዕውቀት በሚያበቃበት ቦታ ሳይሆን ሕጉ በሚያበቃበት ቦታ ነው። ይህ በምዕራፉ ውስጥ ሊነገር ይችል ከነበረው ሁሉ የበለጠ ትልቅ ነገር ሳይነገር ቀርቷል።

ሦስተኛው ጉድለት 44ን ያለ ማብራሪያ ማስገባቱ ነው። ለዚህ ራሱን የቻለ ክፍል ያስፈልገዋል።

3. ሁለት አራቶች መቼ አርባ አራት ይሆናሉ?

በ44 ውስጥ የሚታዩት ሁለት አራቶች እኩል ዋጋ የላቸውም። በስተቀኝ ያለው በአንድ ቤት የተቀመጠ አራት ነው፤ በስተግራ ያለው በዐሥር ቤት የተቀመጠ ስለሆነ አርባ ነው። አጠጋግቶ መጻፍ ዝም ብሎ መጻፍ ይምሰል እንጂ በውስጡ ዐሥርን ማባዛትና መደመር ተሰውሮበታል፤ ይኸውም 4×10+4 ነው። ዐሥርን የሰጠው አኃዝ ደግሞ ከአራቱ አራቶች አንዱ አይደለም፤ የአጻጻፉ ሥርዓት በስውር ያበደረው ነው።

ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ይህን ለማስረዳት ከግዕዝ አኃዝ የተሻለ መሣሪያ ማግኘት ያስቸግራል። በግዕዝ አራት ፬ ነው፤ አርባ ደግሞ ፵ ነው፤ አርባ አራትም ፵፬ ተብሎ ይጻፋል። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ አንድ ምልክት በተቀመጠበት ቤት ምክንያት ዋጋው ከአራት ወደ አርባ አይለወጥም። ስለዚህ በግዕዝ አኃዝ ለሚጫወት ሰው ሁለት ፬ዎችን አጠጋግቶ ፵፬ን መሥራት ፈጽሞ አይቻለውም። የቀሩት አራቱ ስሌቶች ግን ይቻሉታል።

እንግዲህ በግዕዝ አኃዝ የሚደረገው ጨዋታ እስከ የት ይዘልቃል? ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉት ሁሉ ያለ 44 ይገኛሉ። ዜሮ 4-4+4-4 ነው፤ አንድ (4÷4)×(4÷4) ነው፤ ማልባ ታሃን በ44 የሠራው ሰባትም ቢሆን 4+4-4÷4 ተብሎ ሊሠራ ይችላል። ዐሥር ግን አይገኝም። ማስረጃውን የ7ኛ ወይም የ8ኛ ክፍል ተማሪ በሰሌዳ ላይ ሊከታተለው ይችላል፤ እንደሚከተለው ነው።

ሁለት አራቶች በአንድ ስሌት ሲገናኙ የሚሰጡት አራት ውጤት ብቻ ነው፦ 8፣ 0፣ 16 እና 1። ሦስተኛው አራት ከእነዚህ ጋር ሲገናኝ የሚገኙት 0፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 12፣ 20፣ 32፣ 64፣ ½፣ ¼ እንዲሁም -3፣ -4 እና -12 ናቸው፤ በዜሮ ማካፈል አይፈቀድም። አራት አራቶች ያሉበት መግለጫ በመጨረሻው ስሌቱ ከሁለት ዐይነት አንዱን መሆን አለበት። ወይ ሁለት አራቶች ከሁለት አራቶች ጋር፣ ወይም አንድ አራት ከሦስት አራቶች ጋር ይገናኛል። በመጀመሪያው ዐይነት ከ8፣ ከ0፣ ከ16 እና ከ1 ማናቸውም ሁለቱ፣ ወይም አንዱ ከራሱ ጋር፣ ቢደመሩ፣ ቢቀነሱ፣ ቢባዙ፣ ቢካፈሉ ዐሥርን አይሰጡም። በሁለተኛው ዐይነት አንድ አራት ዐሥር እንዲሆን ከ6፣ ከ14፣ ከ-6፣ ከ2½፣ ከ40 ወይም ከ2/5 ጋር መገናኘት ይኖርበታል፤ ከእነዚህ አንዱም ከሦስት አራቶች ውጤቶች መካከል አይገኝም። ስለዚህ ዐሥር አይቻልም።

እንግዲህ በግዕዝ አኃዝ ጨዋታው ዘጠኝ ላይ ሲቆም በዛሬው የክፍል አጻጻፍ ዐሥር ላይ ይቆማል። ልዩነቱ የአንድ ቁጥር ነው፤ ያም ቁጥር የዐሥር ቤት ሥርዓት የቆመበት ዐሥር ራሱ መሆኑ ተማሪውን ሊያስደስተው ይገባል። የቤት ዋጋ የሚባለው ትምህርት በታችኛው ክፍል «የአንድ ቤት፣ የዐሥር ቤት፣ የመቶ ቤት» እየተባለ በዜማ ይጠናል፤ ጥቅሙ ምን እንደሆነ ግን እምብዛም አይታይም። እዚህ ላይ ግን ተማሪው ሥርዓቱ ኖሮት ዐሥርን ያገኛል፤ ሲያጣው ዐሥርን ያጣል። እንዲህ ያለ ግልጽ ማሳያ በምዕራፍ መጨረሻ ተጥሎ መቅረቱ የሚያስቆጭ ነው።

4. ቅንፍና የእኩል ምልክት

ጨዋታው የሚያስተምረው ሁለተኛ ነገር የአጻጻፍ ጥንቃቄ ነው። ተማሪዎች ስድስትን ሲያገኙ መልሳቸውን ብዙ ጊዜ 4+4=8÷4=2+4=6 ብለው ይጽፋሉ። ሐሳባቸው ትክክል ነው፤ ጽሑፉ ግን ሐሰት ነው፤ እንደ ተጻፈው ከሆነ 4+4 ከ6 ጋር እኩል ነው ማለት ነውና። ይህ ስሕተት የሚመጣው ተማሪው የእኩል ምልክትን «አሁን መልሱን ጻፍ» እንደሚል ትእዛዝ በመረዳቱ ነው። በዕለት ተዕለቱ የመደመርና የማባዛት መልመጃ ውስጥ ይህ አስተሳሰብ አይጋለጥም፤ አልጀብራ ሲጀመርና ከምልክቱ በሁለቱም ወገን ያልታወቀ ቁጥር ሲቆም ግን ተማሪው መንገዱ ይጠፋበታል። «አራቱ አራቶች» ሙሉው ሥራ በአንድ መግለጫ፣ ማለትም (4+4)÷4+4=6 ተብሎ እንዲጻፍ ስለሚያስገድድ ስሕተቱን ከአልጀብራ በፊት ያወጣዋል። መምህሩ ይህን ካላረመ ጨዋታው ጥፋቱን ያጸናዋል እንጂ አያስተካክለውም።

ስለ ቅንፍም እንዲሁ ነው። 4+4÷4+4 የሚለው ጽሑፍ ቅንፍ ሳይገባበት ማካፈል ይቀድማልና 9 ነው። (4+4)÷4+4 ተብሎ ሲጻፍ 6 ይሆናል። 4+4÷(4+4) ሲሆን 4½፣ (4+4)÷(4+4) ሲሆን ደግሞ 1 ይሆናል። አኃዙም፣ ምልክቱም፣ የምልክቱም ተራ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የቅንፉ ቦታ ብቻ ነው፤ የተገኙት ዋጋዎች ግን አራት ናቸው። በገበያ የሚሸጡት ቀላል የሒሳብ መኪናዎችም ቢሆኑ ለዚህ ትምህርት ያገለግላሉ። 4+4÷4+4 በተርታ ሲመታባቸው ብዙዎቹ 6 ይላሉ፤ ለሳይንስ ሥራ የተሠሩት ግን 9 ይላሉ። የትኛው «ተሳሳተ» የሚለው ጥያቄ በክፍል ውስጥ ሲነሣ ተማሪው የስሌት ቅደም ተከተል የሰዎች ስምምነት መሆኑን፣ ስምምነቱም አንድን ጽሑፍ ሁሉም በአንድ መንገድ እንዲያነብበው የተደረገ መሆኑን ይገነዘባል።

5. ምልክት ሲበዛ

ከዐሥር በላይ ለመሄድ የሚፈልጉ ተጫዋቾች ምልክት ይጨምራሉ። ስኩዌር ሩት ሲፈቀድ 44÷(√4×√4) አሥራ አንድን ይሰጣል። ፋክቶሪያል ሲፈቀድ 4! ሃያ አራት ስለሆነ ሰፊ ሜዳ ይከፈታል። የአሥርዮሽ ነጥብም የሚጨምሩ አሉ። በዚህ መንገድ ተርታው እየረዘመ ይሄዳል፤ ተጫዋቹም በርዝመቱ ይኩራራል።

የዚህን መንገድ መጨረሻ ያሳየው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ፖል ዲራክ (እ.ኤ.አ. 1902-1984) ነው። በአኃዝ 2 በሚደረገው ተመሳሳይ ጨዋታ ሎጋሪዝም ከተፈቀደ የፈለጉትን ሙሉ ቁጥር በአንድ ዘዴ መጻፍ እንደሚቻል አሳይቷል። ዘዴው ለአራቶችም ይሠራል። አራትን ሰባት ጊዜ በስኩዌር ሩት ውስጥ ብናስገባው በመሠረት 4 የሚኖረው ሎጋሪዝም ½ን ሰባት ጊዜ በራሱ ያባዛነውን ያህል ነው፤ የዚህ ሎጋሪዝም ደግሞ በመሠረት √4÷4፣ ማለትም በመሠረት ½፣ ሲወሰድ ሰባት ይሆናል። አራት አራቶች ብቻ ተጽፈዋል። ሰባት ጊዜ የነበረው መቶ ጊዜ ቢሆን ውጤቱ መቶ ይሆናል።

የማልባ ታሃን አስሊ «የፈለጉትን ቁጥር ሁሉ» ያለው እንግዲህ በዚህ ሁኔታ እውነት ነው፤ ነገር ግን እርሱ ባሳያቸው ምልክቶች አይደለም። የዲራክ መልስ ጨዋታውን ፈጸመው። ከዚያ በኋላ የሚፈለግ ነገር የለም፤ ቁጥሩን በስኩዌር ሩት ብዛት መቁጠር ብቻ ይቀራል። ከዚህ ለመምህራን የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የጨዋታው ጥቅም ያለው በተፈቀደው ሳይሆን በተከለከለው ላይ ነው። ተማሪው ገና ያልተማረውን ምልክት «ተርታው እንዲረዝም» ብሎ ማስገባት የማይገባውን ጽሑፍ ከመቅዳት አያልፍም። ፋክቶሪያል ምን እንደሆነ የማያውቅ ተማሪ 4! ብሎ ጽፎ 24 ቢል ትእዛዝ ፈጸመ እንጂ ሒሳብ አላሰበም።

6. ጨዋታው ወደ ውድድር ሲለወጥ

ጨዋታው ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ሕዝብ መድረክ የገባው በቴሌቪዥን ነው። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ቁጥርና ፊደል የሚፈተኑበት ዝግጅት ለአሥርት ዓመታት ሲተላለፍ ቆይቷል፤ የእንግሊዙ «ካውንትዳውን» ደግሞ ይህንኑ ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1982 ተጀመረ። በእንግሊዙ ዝግጅት ተወዳዳሪዎች ስድስት ቁጥሮች ይወጡላቸዋል፤ በአራቱ ስሌቶች ብቻ ሦስት አኃዝ ያለውን ዒላማ በ30 ሰከንድ ውስጥ ማግኘት፣ ካልሆነም መቅረብ ይኖርባቸዋል። ስድስቱንም ቁጥሮች መጠቀም ግዴታ አይደለም፤ ክፍልፋይም አይፈቀድም።

ይህ አቀራረብ ከማልባ ታሃን የሚሻልበት አንድ ነጥብ አለው። በትክክል ለደረሰ ብቻ ሳይሆን ለተጠጋም ነጥብ ይሰጣል። «ምን ያህል ቀረበ?» ብሎ መጠየቅ ግምትን ያሳድጋል። ሰዓቱ ግን ለተመልካች የተሠራ ነው። በ30 ሰከንድ ውስጥ የሚታየው ትውስታና ልምድ ነው፤ ማሰብ የሚጀምረው ሰዓቱ ካቆመ በኋላ ነው። ይህን በክፍል ውስጥ እንዳለ የቀዳ መምህር በየጊዜው እነዚያኑ ሦስት ወይም አራት እጆች ሲነሡ ያያል፤ የቀሩት ተማሪዎች ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ መሞከሩን ይተዉታል።

እ.ኤ.አ. በ1988 ሮበርት ሰን በአሜሪካ ያወጣው የ«24» ካርድ ጨዋታ በሕጉ ጠባብ ነው። በካርዱ ላይ ያሉትን አራቱንም ቁጥሮች አንድ አንድ ጊዜ በመጠቀም 24ን ማግኘት ብቻ ነው። ጥሩነቱ የሚታየው እንደ 3፣ 3፣ 8፣ 8 ያሉ ቁጥሮች ሲገጥሙ ነው። ተማሪው በሙሉ ቁጥሮች ብቻ ሲንከራተት ይቆይና በመጨረሻ መልሱ 8÷(3-8÷3) መሆኑን ያያል፤ 3 ሲቀነስ 8/3 አንድ ሦስተኛ ነውና፣ 8ን ለአንድ ሦስተኛ ማካፈልም 24 ነውና። ማካፈል ሁልጊዜ ያሳንሳል የሚለው የቆየ የተሳሳተ እምነት በዚህ አንድ ምሳሌ ይናጋል። ይህ ግን ፈጽሞ በሰዓት ሩጫ የሚገኝ ትምህርት አይደለም።

7. ከአራቱ አራቶች ይልቅ ኀምሳው ዲናር

ወደ ማልባ ታሃን ምዕራፍ ስንመለስ፣ ከአራቱ አራቶች ቀጥሎ በዚያው ምዕራፍ የቀረበና ብዙ ጊዜ የማይወሳ ሌላ ችግር እናገኛለን። ነጋዴው ለሁለት ሰዎች ኀምሳ ኀምሳ ዲናር አበድሯል። አንደኛው 20፣ 15፣ 10፣ 5 እያለ ከፈለ፤ ከየክፍያው በኋላ የቀረው ዕዳ 30፣ 15፣ 5፣ 0 ነበር፤ ሁለቱም ተርታዎች ሲደመሩ 50 ይሆናሉ። ሁለተኛው 20፣ 18፣ 3፣ 9 ከፈለ፤ የቀረው ዕዳ 30፣ 12፣ 9፣ 0 ነበር፤ ክፍያው ሲደመር 50፣ ቀሪው ዕዳ ሲደመር ግን 51 ሆነ። ነጋዴው አንዷ ዲናር ከየት መጣች ብሎ ይጨነቃል። አስሊውም የቀሪ ዕዳዎች ድምር ከብድሩ መጠን ጋር አንዳች ግንኙነት እንደሌለው፣ በመጀመሪያው ሰው ላይ እኩል መሆኑ አጋጣሚ እንደሆነ ያስረዳዋል።

ተማሪው ይህን በራሱ ሊፈትነው ይችላል። ኀምሳውን ዲናር ዐሥር ዐሥር አድርጎ ቢከፍል ቀሪዎቹ 40፣ 30፣ 20፣ 10፣ 0 ሆነው ድምራቸው 100 ይሆናል፤ በአንድ ጊዜ ቢከፍል ደግሞ 0 ይሆናል። ይህ ችግር ከአራቱ አራቶች ትርዒት ይበልጥ ጠቃሚ ነው ለማለት ያስደፍራል። በአራቱ አራቶች ቤረሚዝ የሚያደርገው ነገር የሚያስደንቅ ነው፤ በኀምሳው ዲናር ግን «ይህ ድምር ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቁጥር በትክክል ተደምሮም ምንም ላይናገር እንደሚችል ማወቅ ለዕቁብ ጸሐፊም፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ያዥም፣ በየዓመቱ የመውደቅና የማለፍ ቁጥር ለሚደምረው ርእሰ መምህርም የሚያስፈልግ ዕውቀት ነው።

8. ስለ አጠቃቀሙ

ጨዋታውን ቅንጦት ነው የሚሉት ወገኖች ያነሡት ቅሬታ በከፊል ተገቢ ነው። ክፍሉ በተጨናነቀበት፣ የክፍለ ጊዜው ደቂቃ በጣም አጭር በሆነበት ቦታ ጥቂቶች ብቻ የሚደሰቱበትን ጨዋታ ማስገባት ፍትሐዊ አይደለም። ይሁን እንጂ ጨዋታው ከጠመኔና ከሰሌዳ በቀር የሚፈልገው መሣሪያ የለም፤ ፍትሐዊ ያልሆነውም አቀራረቡ ነው። አቀራረቡ በሦስት ነገር ሊሻሻል ይችላል።

አንደኛ፣ ከአራት አራቶች ፈንታ ከሁለት አራቶች መጀመር ይቻላል። የሁለት አራቶችን አራት ውጤቶች ማንም ተማሪ ያገኛቸዋል። ሦስተኛው አራት ሲጨመር ሥራው ለየቡድኑ ይከፋፈላል፤ አንዱ ቡድን ከ8፣ አንዱ ከ0፣ አንዱ ከ16፣ አንዱ ከ1 ይነሣል። የየቡድኑ ሥራ ሲሰባሰብ ሙሉው ሠንጠረዥ ይወጣል፤ የፈጣኑም የዝግተኛውም ተማሪ ሥራ በሠንጠረዡ ውስጥ እኩል ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ሰባትን ላገኘ ተማሪ «ሌላ መንገድስ?» የሚል ጥያቄ ማቅረብ ይገባል። 44÷4-4 እና 4+4-4÷4 አንድን ዋጋ የሚሰጡ ሁለት የተለያዩ ሐሳቦች መሆናቸውን ማየት ከስምንት ወደ ዘጠኝ ከመሮጥ ይበልጣል። ሦስተኛ፣ ጨዋታው በማይቻለው ቁጥር ላይ መደምደም አለበት። «አላገኘሁትም» እና «የለም» የሚሉት ሁለት አባባሎች የተለያዩ መሆናቸውን፣ ሁለተኛውን ለማለት መንገዶችን ሁሉ ቆጥሮ መጨረስ እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ ትምህርት በዚህ ደረጃ ብዙ አይገኝም። መልሱን ያጣው ልጅም እዚህ ላይ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ለዐሥር መልስ ማጣቱ ትክክለኛው ግኝት ሆኖ ይመዘገብለታልና።

የማልባ ታሃን ምዕራፍ በመምህራን ማሠልጠኛ ሊነበብ የሚገባው ነው፤ ሆኖም ጨዋታውን ለማስተማር ከመሸጫው ሱቅ ፊት ለፊት ያለውን ሠንጠረዥ አስቀርቶ፣ ስሙንና ጥያቄውን ብቻ ለተማሪዎች ማንበብ የተሻለ ይሆናል። ተማሪዎቹ የራሳቸውን ሠንጠረዥ ከሠሩ በኋላ የቤረሚዝ ዝርዝር ይነበብላቸው፤ ያን ጊዜ ከእርሱ የተለየ መንገድ ያገኙት ተማሪዎች ይኖራሉ፤ ዝርዝሩ ስለምን ዐሥር ላይ እንደቆመም አስሊው ያልተናገረውን እነርሱ ለመናገር ይችላሉ።